የጠለቀው ዱካ

በሜልበርን የሚታተም አንድ ጋዜጣ ስለ ፊልማችን ሲጽፍ፣ «በፊልሙ ውስጥ አንድም የሰው ፊት አለመታየቱ የወጣቷ ዳይሬክተር ደፋር የጥበብ ምርጫ ነው» አለ። ጋዜጣውን ስወረውር በረንዳው ላይ የተኛውን ውሻ መታሁት። ውሻውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ጸሐፊውን አልጠይቅም። ምርጫው የዳይሬክተሯ አልነበረም፤ ድፍረት የሚባል ነገርም አልነበረበትም። ፊልሙ ፊት የሌለው እኔ ስለተሳሳትኩ፣ አንድ ሰው እምቢ ስላለና አንዲት አሮጊት እህቷን ስላከበረች ነው። ይህንኑ ለጋዜጣው ጻፍኩ፤ ደብዳቤሽ ረዝሟል ብለው መለሱልኝ። እንግዲያው እዚህ ልጻፈው፤ እዚህ የሚያሳጥርብኝ የለም።

ቨርና እባላለሁ። በአውስትራሊያ መሃል በረሃ ባለችው የቀደምት ነዋሪዎች ሰፈር፣ ኩንታራ ተወልጄ፣ አዴሌድ ተምሬ፣ ተመልሼ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። ክርክር እወዳለሁ። መንግሥት ለሰፈራችን የሚልከውን ደብዳቤ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ የምመልሰው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ልመካ አይደለም፤ ኋላ የሆነው ነገር እንዲገባችሁ ነው።

ፊልሙ የአክስቴ የዩኒስ ታሪክ ነው። አክስቴ የአባቴ እህት ናቸው፣ ሰባ አራት ዓመታቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የመንግሥት መኪና መጥቶ የኩንታራን ሰው ሁሉ ጭኖ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ሰፈር አራገፈው። ከብት አርቢው በአሸዋው ውስጥ ያለውን ምንጫችንን ለላሞቹ ፈልጎት ነበር። አክስቴ ከዚያ ሰፈር ጠፍተው፣ ዘጠኝ ቀን በእግራቸው ተጉዘው ወደ ምንጩ ተመለሱ። ዛሬ ምንጩ አጠገብ የከብት እርባታው ያቆመው የብረት ሰሌዳ አለ። ውሃውን «ያገኘው» የከብት አርቢው አያት እንደሆነ ይናገራል። አክስቴ በዚያ ባለፉ ቁጥር ሰሌዳውን በዱላቸው ኳ ያደርጉታል።

አንድ ቀን ኳ አድርገውት ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህ ሰውዬ መጻፍ ስለቻለ ውሃ አገኘ ተባለ። እኔስ በአሸዋ ላይ አልጽፍም? የመጣሁበትን መንገድ እጽፈዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ይየው። ግን አንዴ ነው የምናገረው ልጄ። ሁለተኛ የለም።»

እኔም ለሁሉም ደወልኩ፣ ጻፍኩ፣ ጮህኩ። በመጨረሻ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ እሺ አለ፤ ጋዜጣው ዳይሬክተር ያላት፣ ታምሲን የምትባል የአኒሜሽን ባለሙያም ከሜልበርን መጣች።

ታምሲን ጨዋ ልጅ ናት፤ መጀመሪያ ላይ ግን በሳጥን ሙሉ አሻንጉሊት ይዛ ነው የመጣችው። አንዷን አውጥታ ለአክስቴ ሰጠቻቸው፤ ልጅ ሳሉ እርሳቸው መሆኗ ነው። ዓይኖቿ የሻይ ስኒ ያክላሉ። አክስቴ አገላብጠው አዩአትና፣

«ይህቺን ልጅ ክሊኒክ ውሰዷት» አሉ። «ዓይኗ እንዲህ አብጦ ዝም ትሏታላችሁ?»

ከዚያ መሬቱን በእጃቸው ደልድለው መሳል ጀመሩ። እንደምናውቀው ነው፤ ግማሽ ክብ የተቀመጠ ሰው ነው፣ አጠገቡ ያለው መስመር ዱላው፣ ክብ ክቡ ውሃ። ታምሲን ካሜራዋን ይዛ በደረቷ ተኛችና ከጎን ማንሳት ጀመረች።

«ልጄ፣ ከዚያ ሆነሽ የምታዪው አቧራ ነው» አሏት አክስቴ። «ወደ ላይ ውጪ።»

የስፖርት አዳራሹን መሰላል አምጥተን ካሜራውን ከላይ ወደ ታች አሰርነው። ታምሲን መሰላሉ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል ስታይ አፏ ተከፈተ። «ካርታ ነው እኮ!» አለች። አክስቴ ግን ለአድናቆት ጊዜ አልሰጧትም። ትዕይንቱ ሲያልቅ ሁልጊዜ እንደምናደርገው አሸዋውን በመዳፋቸው ጠረጉት።

«ኧረ! ገና አላነሳሁትም!»

«እንግዲያው ፈጠን በይ» አሉ አክስቴ።

አሠራሩ ከዚያ በኋላ መጣ። አክስቴ ጣታቸውን ትንሽ ያንቀሳቅሳሉ፣ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ታምሲን አንድ ፎቶ ታነሳለች። እንደገና ትንሽ፣ እንደገና አንድ ፎቶ። ፎቶዎቹ ሲገጣጠሙ አሸዋው በራሱ ይሳላል፤ መስመሩ ይሄዳል፣ ክቡ ይከፈታል፣ መዳፍ መጥቶ ያጠፋዋል። ቀኑን ሙሉ ተሠርቶ የሚወጣው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። አክስቴ ይህን በጣም ወደዱት። «የእኔን ፍጥነት አገኙልኝ» ይሉ ነበር።

የቴሌቪዥን ጣቢያው ሰውዬ ሬክስ ይባላል፣ ሲድኒ ነው ያለው። በየሳምንቱ ይደውልልኛል። «ቨርና፣ አሸዋው ግሩም ነው። ግን ተመልካች ፊት ይፈልጋል። ፊት ካላየ አያዝንም።» ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ በአሸዋው ትዕይንቶች መካከል ያቺ ዓይነ ትልቅ ልጅ በሥዕል እንድትገባ ተስማማሁ። አክስቴን ስነግራቸው ዝም አሉ። ዝምታቸውን እሺ ማለት ነው ብዬ ወሰድኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው የዝምታን ዓይነት መለየት ነበረበት።

በሌላው በኩል ግን ሬክስን አስሬው ነበር። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰባተኛው አንቀጽ፣ የታሪኩ ጠባቂ አይቶ «ትክክል ነው» ካላለ ፊልሙ ለማንም አይታይም ይላል። የሬክስ ጠበቆች ያንን አንቀጽ ለማስወጣት ሁለት ወር ታገሉ። አሸነፍኳቸው። በየሄድኩበት ስለ ሰባተኛው አንቀጽ አወራ ነበር፤ አንድ ጽሑፍም ጽፌበታለሁ።

ጠባቂ ያልኩት እንዲህ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ብቻውን ታሪክ አይናገርም። የምንጩ ምድር በአባት በኩል የአክስቴና የእኔ ነው፤ ስለዚህ እኛ እንናገራለን። ምድሪቱ በእናቱ በኩል የሆነችለት ሰው ደግሞ አጠገብ ተቀምጦ ይሰማል፤ የተሳሳተ ካለ ያርማል፣ በመጨረሻ አዎ ይላል። እሱ ከሌለ አፍ ተከፈተ እንጂ ታሪክ አልተነገረም። የዚህ ታሪክ ጠባቂ ሰልዊን ነው፤ የአክስቴ የዩኒስ ታላቅ እህት ልጅ። እናቱ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው ስሙ አይጠራም፣ መልኩም አይሣልም፤ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ያረፉ ጊዜ በየግቢው የቀረውን ዱካቸውን በቅጠል ጠርገናል።

ከሰልዊን ጋር ደግሞ ከተነጋገርን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። ስለ አዳራሹ ጣራ በተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተናግሬ ስቀመጥ ተነሣና፣ «ጣራው የሚያፈስበትን ምክንያት አሁን አወቅነው። ቨርና ስትጮህ ይሰነጠቃል» አለ። ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። አክስቴ ሳይቀሩ። እኔ አልሳቅኩም።

ሰልዊን ኩላሊቱን ስለሚታጠብ ብዙውን ጊዜ ሆስፒታል ባለበት በአሊስ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ቤቱ የሚያድረው ማሽን የጫነው የእጥበት መኪና ወደ ኩንታራ ሲመጣ ብቻ ነው። የአክስቴን ድምፅ የምንቀዳበት ቀን ሲደርስ መኪናው ሊመጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። መጠበቅ ይቻል ነበር። እኔ ግን ለታምሲን «ዛሬ እንቀዳለን» አልኳት።

አክስቴ ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። ድምፅ መቅጃውን ከፈትን።

«ሰልዊን የታለ?» አሉ።

«አሊስ ነው አክስቴ። ይጀምሩ።»

ውሃ ጠጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መንገድ መንገዱን አዩ። «ሰልዊን አይመጣም?»

«ማሽን ላይ ነው፣ አክስቴ። በኋላ ያየዋል።»

ስለ መኪናው ተናገሩ፤ ስለ ሰፈሩ የቆርቆሮ አጥር ተናገሩ። አጥሩ ሥር ቆፍረው ከወጡበት ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ሰልዊን...»

«አክስቴ!» አልኳቸው። ድምፄ በቅጂው ላይ አለ፤ እስከ ዛሬ መስማት አልወድም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ጨረሱት። ሄድኩ፤ በቀን ተኛሁ፤ በማታ ሄድኩ፤ በዘጠነኛው ቀን ውሃው ጋ ደረስኩ። በቃ። እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ፣ ብቻዋን፣ መንግሥትንና በረሃን አሸንፋ! «ብቻዋን» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ ጽፌ ለጋዜጣ ላክሁ፤ አወጡት። ሬክስ ወዲያው ደወለልኝ። «ብቸኛዋ ልጅ! ቨርና፣ ይህ ዓለምን ይዞራል። በሚቀጥለው ወር ትልቁ ፌስቲቫል መክፈቻ ላይ ይታያል።»

ነጮች ብቸኛ ጀግና እንደሚወዱ ስንት ጊዜ ጽፌ ነቅፌአለሁ። ያንኑ ብቸኛ ጀግና በገዛ እጄ ጠቅልዬ ስሰጣቸው ግን አልታየኝም።

የመጀመሪያው ቅጂ እንዳለቀ ለሰፈሩ አሮጊቶች በታምሲን ኮምፒውተር አሳየናቸው። አሥራ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው አዩ። አንድም አልሳቀም፣ አንድም አላለቀሰም። ሲያልቅ አክስት ዱልሲ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ «ጥሩ ነው» አሉ፤ ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። አክስቴ ዩኒስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ነበር።

ታምሲን ኮምፒውተሯን ዘጋችው። «አልወደዱትም አይደል?»

«ጥሩ ነው ብለዋል እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

የእጥበቱ መኪና ሐሙስ ቀን መጣ። ሰልዊን ከመኪናው ሳይወርድ ወሬው ደርሶታል። ታምሲን ኮምፒውተሯን ይዛ በረንዳው ድረስ ሄደች፤ እኔ አልሄድኩም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች።

«እምቢ አለ» አለች።

«ምን አለ በትክክል?»

«"አይ" አለ። ከዚያ ሻይ ቀዳልኝ።»

ሬክስ ሲሰማ አልደነገጠም። እንዲያውም ድምፁ ለሰለሰ። «ቨርና፣ አንቺ እኮ የማኅበረሰቡ ተወካይ ነሽ። ምድሪቱ የአንቺም ናት። አንቺ ብትፈርሚ ሕጋዊ ነው፤ ጠበቆቹን ጠይቄአለሁ። ፌስቲቫሉ ሃያ ቀን ነው የቀረው። አሮጊቷ አንዴ ነው የምናገረው አላሉም? ካለፈ አለፈ።»

ስልኩን ዘጋሁበት። እዚህ ላይ ጀግና ብመስል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ቤቴ ገብቼ ውሉን አውጥቼ ሰባተኛውን አንቀጽ አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ቀዳዳ ፍለጋ። የለውም። በደንብ ነው የጻፍኩት። አክስቴ አንዴ ተናግረዋል፤ ሁለተኛ የለም። ሰልዊን እምቢ ካለ ምንጩ አጠገብ የሚቀረው ያ የብረት ሰሌዳ ብቻ ነው። ይህን ሳስብ ተነሣሁና ወደ ሰልዊን በረንዳ ሄድኩ።

ሁለት እግሩን ዘርግቶ የካንጋሮ ጅራት እየጋጠ ነበር። ሲያየኝ ለውሻው ተናገረ።

«ተነሥ፣ ቦታ ልቀቅ። ቲቸር መጣች።»

«ለምንድነው እምቢ ያልከው?» አልኩት ቆሜ።

«ደህና አደርሽ ማለት ቀረ?»

«ደህና አደርክ። ለምንድነው እምቢ ያልከው? በእኔ ተናድደህ ከሆነ ከእኔ ጋር ጨርስ። የአክስቴን ታሪክ ለምን ታግታለህ?»

ሰልዊን አጥንቱን ለውሻው ወረወረለት፤ እጁን ጠረገ።

«ጣራውን ተይው» አለ በመጨረሻ። «ስለ ጣራው እኔም አጥፍቻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሰባት ዓመት ልጅ ዘጠኝ ቀን በዚያ አሸዋ ላይ ትሄዳለች?»

«ሄደዋል እኮ!»

«እግሯ ይቃጠላል፣ ቨርና። በአምስተኛው ቀን ያልቅላታል። ውሃ የት እንዳለ ማን አሳያት? በሰባት ዓመቷ?» ቀና ብሎ አየኝ። «የተሸከመቻትስ የታለች?»

ስም አልጠራም። መጥራትም አያስፈልግም ነበር። ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበረች የአክስቴ ታላቅ እህት አንዲት ብቻ ናት። በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ፤ ውሻው በለቀቀልኝ ቦታ።

«አክስቴ አልነገሩኝም» አልኩ።

«እናቴን ያለ እኔ እንዴት ታንሣት? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አላነሣትም። እኔን ጥሩ አላለችሽም?»

ሦስት ጊዜ። በቅጂው ላይ አለ። ሁለት ወር ከጠበቆች ጋር የታገልኩለት አንቀጽ ስለዚህ ሰው ነበር፤ ሰውየውን ግን ስላኮረፍኩ አልጠራሁትም። ነጮቹ እንዳይሰርቁን በሩን ዘግቼ ጠባቂውን ከውጭ አስቀርቼው ኖሯል።

«አጥፍቻለሁ» አልኩት። ይህን ቃል ስናገር ሰምቶኝ የሚያውቅ ሰው በኩንታራ የለም።

ሰልዊን ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ። «ምን አልሽ? ይህ ማሽን ጆሮዬንም ሳያደክመው አልቀረም።»

«አጥፍቻለሁ አልኩ! ደንቆሮ!»

«እሺ እሺ። ጣራ አለ በላያችን» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ። «ይቅርታ አልፈልግም። አክስታችን ትናገር፤ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አንቺም ትመጫለሽ። ግን አንድ ቃል አትናገሪም። ከጠዋት ጀምሮ እስክታበቃ ድረስ። አንድ ቃል ከተናገርሽ ተነሥቼ እሄዳለሁ።»

አክስቴ ጋ ሄደን «አንዴ ነው የምናገረው ብለው ነበር» ስላቸው ተቆጡ። «ያ መናገር ነው እንዴ? ያ ጉሮሮዬን መጥረጌ ነው!»

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከዛፉ ሥር ተቀመጥን። አክስቴ፣ ከግራቸው ሰልዊን፣ አክስት ዱልሲና ሌሎቹ ሴቶች ዙሪያውን። ታምሲን መሰላሉ ላይ። እኔ ጥግ፤ አፌን ዘግቼ። በዚያ ቀን የዋጥኩትን ቃል ብትቆጥሩት አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። አክስቴ ከብት አርቢውን በተሳሳተ ስም ሲጠሩ እንኳ ከንፈሬን ነከስኩ። ሰልዊን አየኝ፤ ራሱ አረማቸው፤ እንደገና አየኝና ጥቅሻ ጣለልኝ።

አጥሩ ሥር የተቆፈረው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ አክስቴ ቆም አሉ። ሰልዊንን አዩት።

«አምጪያት» አላቸው በቀስታ።

«እህቴ መጀመሪያ ወጣች» አሉ አክስቴ። «እጄን ይዛ ሳበችኝ።»

ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ላይ «እህ» አሉ። አሥራ አንድ ዓመት የታፈነ ትንፋሽ ነበር።

ታሪኩ ለሰዓታት ቀጠለ። እህታቸው ውሃ ያለበትን ሁሉ ታውቅ ነበር። የመንግሥቱን መኪና ድምፅ ስትሰማ ታናሿን ቁጥቋጦ ሥር ታስገባትና በላይዋ ትተኛለች። በአምስተኛው ቀን የታናሺቱ እግር ቆስሎ መሄድ አቃታት፤ ታላቂቱ ጀርባዋ ላይ አደረገቻት፤ እስከ ዘጠነኛው ቀን አላወረደቻትም። ሰልዊን በየመሃሉ «ትክክል» ይላል። አንድ ቦታ ላይ «አይደለም፣ ያ ጥድ ያለበት ኮረብታ ነው» አለ፤ አክስቴ «አዎ፣ እሱ ነው» ብለው አስተካከሉ።

ሲያበቁ ታምሲን ከመሰላሉ ላይ ወረደች። «እህትዎን እንዴት ነው የምስላቸው?» አለች። «ስማቸውን መጥራት አልችልም። መልካቸውንም መሣል አልችልም። ገብቶኛል። ግን ምን ላድርግ?»

ለዚህ መልስ ነበረኝ። አምስት መልስ ነበረኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ።

ሰልዊን ወደ አሸዋው ተጠጋ። እጁን ጨብጦ በጎኑ አሸዋውን ተጫነው፤ የሰው እግር መሃል ወጣ። በጣቶቹ ጫፍ አምስት ጣት ጨመረበት። የግራው እግር ሲሆን አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አጠፈው። እናቱ ሕፃን ሳሉ እሳት ነክቷቸው ነበርና የግራ አውራ ጣታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር የቀረው። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ዱካው በአሸዋው ላይ ሄደ። አክስት ዱልሲ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያንን ዱካ በቅጠል የጠረግነው እኛ ነን፤ ለመመለስ መብት ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ መለሰው።

አክስቴ አጠገቡ ትንንሽ ዱካ ማድረግ ጀመሩ። ትልቁና ትንሹ ጎን ለጎን ሄዱ። አምስተኛው ቀን ሲደርስ የትንሿ ዱካ ተጠጋጋ፣ ተንገዳገደ፣ ቆመ። አክስቴ እጃቸውን አነሡ። ሰልዊን ቀጠለ። አሁን ግን እጁን አጥብቆ ይጫን ጀመር፤ ዱካው ጠለቀ። በተለይ ተረከዙ።

ታምሲን ከዱካው አጠገብ ተንበረከከች። ከዚያ «ፊት አያስፈልገንም» አለች።

«የኔንም ፊት አውጪው» አሉ አክስቴ። «እህቴ ፊት ሳይኖራት እኔ ዓይኔን አፍጥጬ ልታይ?»

እንግዲህ የጋዜጣው «ደፋር የጥበብ ምርጫ» ይኸው ነው።

በአሥራ አራት ቀን የፊልሙን ጉዞ እንደገና ሠራነው። አክስቴና ሰልዊን እየተፈራረቁ አሸዋው ላይ፣ ታምሲን መሰላሉ ላይ፣ ሰልዊን ማሽን ላይ በሚሆንበት ሰዓት ሁላችንም መኪናው በር ላይ ተቀምጠን ጥበቃ። ሬክስ የአዲሱን ጅምር አይቶ ደወለ፤ ጮኸ። ፊት የሌለው ፊልም ማንም አያይም አለ፤ ብቸኛዋን ልጅ አጠፋችሁብኝ አለ። ያን ቀን ዝም የማለት ግዴታ አልነበረብኝም። ሰባተኛውን አንቀጽ በቃሌ አነበብኩለት፤ ከዚያ የገዛ ጽሑፌ ስህተት መሆኑን፣ ለጋዜጣው ማረሚያ መላኬን ነገርኩት። በመጨረሻ እንዲህ አልኩት፦ «ማን እንደሚያየው ለማወቅ ከፈለግህ ቅዳሜ ኩንታራ ና።»

መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ።

የአዳራሹን መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፍነን እኩለ ቀን ላይ አሳየን፤ ምክንያቱም ሰልዊን ከሰዓት በኋላ የእጥበት ተራው ነበር። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ሰፈሩ በሙሉ አለ፣ ውሾች አሉ፣ አልጋቸውን ተሸክመው የመጡ ሽማግሌዎች አሉ። ሬክስን ፕላስቲክ ወንበር ላይ ከፊት አስቀመጥነው።

አሸዋው በግድግዳው ላይ ተከፈተ። መኪናው መጣ፣ ሰዎቹ ተጫኑ፣ አጥሩ ተሠራ። የአክስቴ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ጉድጓዱ ተቆፈረ። ከዚያ በባዶው አሸዋ ላይ አንድ እግር ወጣ። ቀኝ። ቀጥሎ ግራ፤ አውራ ጣቱ የታጠፈ።

አክስት ዱልሲ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ኧረ! እሷ ናት!»

«እሷ ናት! እሷ ናት!» ሴቶቹ ጭናቸውን መቱ። ማንም ስም አልጠራም፤ ሁሉም አወቃት። ገሚሶቹ ያለቅሳሉ፣ ገሚሶቹ ይስቃሉ። አንዷ «አካሄዷን እዩት! እንደዚሁ ነበር የምትጣደፈው!» ትላለች፤ ሌላዋ «እኔን ለመምታት ስትመጣ ነው የምትመስለው» ትላለች። ትንሿ ዱካ አጠገቧ ቱስ ቱስ ስትል ሕፃናቱ ጮኹ።

አምስተኛው ቀን መጣ። ትንሿ ዱካ ቆመች። ትልቁ ዱካ ቀጠለ፤ ጠለቀ።

ከኋላ በኩል ከተደረደሩት አልጋዎች ከአንዱ ላይ አንድ የድሮ ከብት ነጂ ሽማግሌ በክርናቸው ቀና አሉ። «ጠለቀ!» አሉ። «ተረከዙን እዩት! ተሸክማታለች!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት እንዴት ልጻፈው? ጣራው ያን ቀን ካልተሰነጠቀ እኔ ሰንጥቄው አላውቅም። ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። አክስቴ ዩኒስ ብቻ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ግድግዳው ላይ እህታቸው ተሸክማቸው ስትሄድ ያያሉ። ዱካው ምንጩ ጋ ሲደርስ ሁለት ግማሽ ክብ ውሃው ዳር ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንድ መዳፍ መጣ፤ ሁሉንም ጠረገ። አለቀ።

«ድገሙት!» አሉ። ደገምነው። አራት ጊዜ ደገምነው።

ሬክስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ዓይኑ ቀልቶ ወደ እኔ መጣ። «እንዴት አወቋት?» አለኝ። «ፊት የለ፣ ስም የለ። እንዴት ሁሉም በአንድ ጊዜ አወቋት?»

ይህን ጥያቄ ሃያ ሁለት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩ ይመስለኛል። ግን መልሱ የእኔ አልነበረም። ወደ ሰልዊን ጠቆምኩት። ሰልዊን ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«አንተ እናትህን በምንድነው የምታውቃት?» አለው። ከዚያ ማይክሮፎኑን ተቀበለ። «አየሁት» አለ። «ትክክል ነው።»

ፌስቲቫሉ ላይ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፤ ፊልሙ እስካሁን አገር ላገር ይዞራል። ደስ ይላል። እኔ ግን ፊልሙ ያለቀው በዚያች ቃል ነው እላለሁ። የብረቱ ሰሌዳ አሁንም ምንጩ አጠገብ ቆሟል። ፊልሙን አይተው የሚመጡ እንግዶች ግን ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው መሬት መሬቱን ሲያዩ ይውላሉ። አክስቴ ሲያልፉ ዱላቸውን አያነሡም። አይተውትም የሚያልፉ አይመስለኝም።

ያን ቀን አዳራሹ ባዶ ሲሆን ብርድ ልብሶቹን ከመስኮቶቹ እያወረድኩ ነበር። ሰልዊን ወደ ማሽኑ ሊሄድ በሩ ላይ ቆመ።

«ቲቸር» አለኝ፣ «ዝም ማለት ትችያለሽ ለካ።»

«አንድ ቀን ብቻ።»

«በቃ ይበቃል። አሁን ተናገሪ። ለሁሉም ተናገሪ፤ ጮክ ብለሽ።»

ጠባቂው ፈቅዷል። ይኸው ተናገርኩ።